ዕዳው ገብስ አይደለም

ስለ ግብርና ስለ ዕዳ የተጻፈ ነገር በዚህ መጽሔት ላይ ሲወጣ ብዙው አንባቢ ገጹን ገልብጦ ወደ ግጥሙ እንደሚያልፍ እናውቃለን። አንፈርድበትም፤ ግብር የሚባለው ቃል ገና ሲጠራ ያዛጋል። ነገር ግን ከመካከላችን ቁጥራችን ጥቂት የማይባል ተማሪዎች ጠዋት ጠዋት ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ተሳፍረን የምንመጣ ነን። ክረምት በገባ ጊዜ ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ድረስ በቦቲ ጫማ ተራምደን፣ የክፍል ጫማችንን በፌስታል ይዘን፣ አስፋልቱ ዳር ስንደርስ የምንቀይር ነን። ስለዚህ የማዘጋጃ ቤት ገንዘብ ከየት ይመጣል የሚለው ጉዳይ ለእኛ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የእግራችን ጥያቄ ነው።

ሦስቱ ከተሞች አዲስ አበባን እንደ መቀነት ከከበቧት መካከል ናቸው፤ ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ። በ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ሲቆጠር ሰበታ ወደ 50 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበራት፤ ዛሬ የገበያዋን ቀን ያየ ሰው ያን ቁጥር ቢነግሩት ይስቃል። በ2000 ዓ.ም. ከሌሎቹ የዙሪያው ከተሞች ጋር በአንድ ልዩ ዞን ተሰበሰቡ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሸገር በተባለ አንድ ከተማ ሥር ክፍለ ከተሞች ሆኑ። ሰሌዳው ተቀይሯል፤ ጭቃው ግን ያው የድሮው ጭቃ ነው።

ለዚህ ሁሉ ሕዝብ የጎርፍ መውረጃ ቦይ፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የውሃ መስመር፣ ቄራና የገበያ ሥፍራ ያስፈልጋል። ነዋሪው ሄዶ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «በጀት የለም»። መልሱ ውሸት ነው ብለን አንጣላም። የምንጠይቀው ይህን ነው፤ ፋብሪካ በፋብሪካ ላይ፣ ቪላ በቪላ ላይ በተሠራበት ምድር ማዘጋጃ ቤቱ ብቻ እንዴት ድኻ ሆኖ ቀረ?

አንድ ከተማ ለትልቅ ሥራ ገንዘብ የሚያገኝበት መንገድ ብዙ አይደለም። ያለውን ይሸጣል፤ ከበላይ ይለምናል፤ ይበደራል፤ ወይም ከነዋሪው በየዓመቱ ይሰበስባል። የእኛ ከተሞች አጥብቀው የያዙት የመጀመሪያውን ነው። መሬት በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ «መሸጥ» የሚለውን ቃል የሕግ ተማሪዎች ወንድሞቻችን አይወዱልንም፤ እንግዲያውስ በሊዝ ማስተላለፍ እንበለው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ የሚሰጠውን ቦታ ዘመን 99 ዓመት አድርጎታል። እንግዲህ ዛሬ በጨረታ ያለፈ ቦታ እንደገና ለጨረታ የሚመጣው የልጅ ልጆቻችን ካረጁ በኋላ ነው። ክፍያው በየዓመቱ ተከፋፍሎ ቢገባም፣ ወለድም ቢታሰብበት፣ ዋጋው የተቆረጠው በጨረታው ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ መንገድ አልፎበት፣ መብራት ገብቶለት የቦታው ዋጋ ሦስትና አራት እጥፍ ቢሆን ትርፉ የያዘው ሰውና የደላላው ነው፤ መንገዱን የሠራው ማዘጋጃ ቤት ቆሞ ያያል።

ለዘር ያስቀመጠውን ፈጭቶ የሚጋግር ገበሬ ያን ዓመት ከጎረቤቶቹ ሁሉ ይልቅ ይጠግባል። ጎረቤቶቹም የቤቱን ጢስ አይተው ሳይቀኑበት አይቀሩም። ሰኔ ሲመጣ ነው ነገሩ የሚገለጠው። የሱሉልታ ሜዳ ምን ያህል ሰፊ ነበር? ዛሬ በግራና በቀኝ አጥር ሆኗል። የሚተላለፍ ቦታ ባለቀ ማግስት ቦዩ በምን ይጠረጋል?

ደግሞም ያ መሬት ከመተላለፉ በፊት ባዶ አልነበረም፤ ገበሬ ያርሰው ነበር። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ለሚነሣው ገበሬ የአማካይ ዓመታዊ ምርቱን ዐሥር እጥፍ ይከፍል ነበር፤ በ2011 የወጣው አዋጅ ዐሥራ አምስት እጥፍ አድርጎታል። መሻሻሉን አንክድም። ነገር ግን መለኪያው ያው ነው፤ መሬቱ ሲወሰድ በጤፍ ዋጋ ይተመናል፤ ሲተላለፍ በቪላ ዋጋ ይጫረታል። ማዘጋጃ ቤቱ የሚኖረው በእነዚህ በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ባለው ልዩነት ነው። እንዲህ ያለ ማዘጋጃ ቤት በጀቱን ለመሙላት በየዓመቱ አዲስ ገበሬ ማስነሣት አለበት ማለት ነው። ይህ ወዴት እንደሚያደርስ ሀገሩ በሙሉ አይቷል፤ የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ያስነሣው ተቃውሞ ሰው በልቶ፣ ዕቅዱም በጥር 2008 ዓ.ም. ተሠርዞ ቀርቷል። ያን ጊዜ ብዙ የተባለው ስለ ወሰንና ስለ ማንነት ነበር፤ እሱም እውነት ነው። ከሥሩ የነበረውን የገንዘብ ጉዳይ ግን አንሥቶ የተከራከረ ጥቂት ሰው ነው።

አሁን ወደ ዕዳ እንምጣ። አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ የሚነሣው ከሰበታ ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ እንደ ተነገረው ከወጪው አብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የመጣ ብድር ነው። እንግዲህ በኢትዮጵያ ካሉት ትላልቅ ዕዳዎች አንዱ ከሰበታ ተነሥቶ ባሕር ድረስ ይሄዳል፤ ሰበታ ግን በራሷ ስም ተበድራ የጎርፍ ቦይ የምትቆፍርበት ወግ የላትም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ክልሎች ከሀገር ውስጥ የሚበደሩበትን ሁኔታ የፌዴራሉ መንግሥት በሕግ ይወስናል ይላል፤ በዚያ አንቀጽ ስለ ማዘጋጃ ቤት አንድም ቃል የለም። አዲስ አበባ ለኮንዶሚኒየም ግንባታ ቦንድ እያወጣች ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ መበደሯ የታወቀ ነው፤ እሷ ግን ዋና ከተማ ናት፤ ገዢውም የመንግሥት ባንክ ነው። ለሰበታና ለቡራዩ የተተወው በር ልመና ነው። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ባንክ በሚረዳው የከተሞች ልማት ፕሮግራም የፌዴራሉ መንግሥት ይበደራል፤ ገንዘቡ ለከተሞች በስጦታ መልክ ይከፋፈላል፤ በ2010 ዓ.ም. የጀመረው ምዕራፍ 117 ከተሞችን ይዟል። በየሰፈሩ ከምናየው ኮብልስቶን ብዙው የዚህ ፍሬ ነው፤ ምስጋና ይገባዋል። ሆኖም የማይመልሰውን ገንዘብ የሚያወጣ ከንቲባ ዐይኑን የሚያነሣው ወደ ሰጪው እንጂ ወደ ነዋሪው አይደለም። ሪፖርቱን የሚጽፈው ለላይ ነው፤ ፎቶግራፉን የሚያነሣውም ለላይ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ስናነሣ «ደግሞ ዕዳ ልታመጡብን ነውን?» ይሉናል። በእኛ ሀገር ዕዳ ሲጠራ ሰው የሚያስበው አራጣ አበዳሪን ነው፤ ፍርሃቱ ከሜዳ አልመጣም። ነገር ግን ለድግስ መበደርና በሬ ለመግዛት መበደር አንድ አይደሉም። በሚገባ የተሠራ የድንጋይ ቦይ ሠላሳ ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላል። ዋጋውን በሙሉ የዘንድሮ ነዋሪ ይክፈል ማለት ዛሬ በኪራይ ቤት ያለውን የቀን ሠራተኛ፣ ገና ላልተወለደው ባለ ቪላ ቦይ ያስቆፍር ማለት ነው። ብድር ትክክለኛ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ የሚጠቀሙት ሁሉ፣ በሚጠቀሙበት ዘመን፣ በየድርሻቸው ይከፍሉታል።

እስቲ በወረቀት ላይ እንሞክረው። ቁጥሮቹ የእኛ ምሳሌ ናቸው እንጂ የየትኛውም መሥሪያ ቤት አይደሉም። አንድ ከተማ ለቦይና ለመንገድ 300 ሚሊዮን ብር በ20 ዓመት ሊመልስ ይበደራል እንበል፤ ወለዱም ከመቶ 15 ይሁን። በየዓመቱ ከዋናው 15 ሚሊዮን ይመልሳል፤ በመጀመሪያው ዓመት ወለዱ 45 ሚሊዮን ነው፤ ድምሩ 60 ሚሊዮን። ከተማው 30 ሺህ የተመዘገበ ቤት ቢኖረው በአማካይ ለአንድ ቤት 2 ሺህ ብር ይደርሰዋል። ዋናው እየቀነሰ ሲሄድ ወለዱም ይቀንሳልና በሃያኛው ዓመት የሚደርሰው 575 ብር ብቻ ነው። አማካይ ማለታችን ነው፤ ባለ አምስት ፎቁ ብዙ፣ ባለ ሁለት ክፍሉ ጥቂት ይከፍላል። ዕዳው ገብስ አይደለም፤ ቢሆንም ሊሸከሙት የማይቻል ተራራም አይደለም። ተራራ የሚሆነው በየዓመቱ የሚገባ የታወቀ ገቢ ከሌለ ብቻ ነው። ባንክም ቢሆን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ «በምን ትከፍላለህ?»

የሌላውን ሀገር ብናይ ነገሩ ይገለጣል። የህንዷ አሕመዳባድ ማዘጋጃ ቤት በ1998 እ.ኤ.አ. ያለ ክፍለ ሀገሩ መንግሥት ዋስትና ለውሃና ለፍሳሽ ሥራ ቦንድ ሲሸጥ በአገሩ የመጀመሪያው ነበር፤ ነገር ግን ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ዓመታት ፈጅቶ የግብር መዝገቡን አጽድቷል፤ አልከፍልም ያለውን ባለ ሀብት ሁሉ አስከፍሏል። በተቃራኒው የአሜሪካዋ ዲትሮይት በ2013 እ.ኤ.አ. 18 ቢሊዮን ዶላር በሚደርስ ዕዳ ከስራለች፤ ሕዝቡ ለቅቆ ሲሄድ የቤት ግብሩ አብሮ ሄደ፤ ዕዳውና የጡረተኛው ደመወዝ ግን ቀሩ። የሚያስተምረን የዳካር ነገር ነው። የሴኔጋል ዋና ከተማ ማዘጋጃ ቤት ለጎዳና ነጋዴዎች የገበያ አዳራሽ ለመሥራት 20 ቢሊዮን ሴፋ ፍራንክ የሚያህል ቦንድ አሰናዳ፤ ሒሳቡ ተመረመረ፤ ገዢም ተዘጋጀ፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ሊሸጥ ሲል መንግሥት ሰጥቶት የነበረውን ፈቃድ አነሣ። የከተማውና የመንግሥቱ ሰዎች በፖለቲካ የሚፎካከሩ ነበሩ። ስለዚህ ቁም ነገሩ የሒሳብ ብቻ አይደለም፤ ከተማ ራሱን ሲችል የሚከፋው ሰው አለ።

ታዲያ የታወቀው ዓመታዊ ገቢ ምን ይሁን? በዓለም ላይ ከተሞች የሚተማመኑበት አንድ ነገር አለ፤ እሱም ቤትና ቦታ ነው። ደመወዝ ይሰወራል፤ ሸቀጥ በሌሊት ያልፋል፤ ቤት ግን ተነሥቶ አይሄድም። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ ግብር የመጣልን ሥልጣን አውቆ ነበር። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በ1967 ዓ.ም. ከተወረሰ በኋላም በ1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 80 የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ተደነገገ፤ ሕዝቡ «ጣሪያና ግድግዳ» የሚለው ይኸው ነው። ግብሩ የሚታሰበው በቤቱ ዓመታዊ የኪራይ ግምት ላይ ነበር፤ ኪራዩ ሰማይ ሲወጣ ግምቱ ግን እንደ ቆመ ቀረ። በኋላም የአዲስ አበባ አስተዳደር በ2015 ዓ.ም. ግምቱን በአንድ ጊዜ ሲያነሣው ሕዝቡ ደነገጠ፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ። አርባ ዓመት ሙሉ የተኛን ግብር በአንድ ሌሊት መቀስቀስ እንዲህ ያደርጋል።

በዚያው በ2015 ዓ.ም. ሁለቱ ምክር ቤቶች በአንቀጽ 99 መሠረት በጋራ ተቀምጠው የንብረት ግብርን ሥልጣን ለክልሎች ሰጡ፤ በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የንብረት ታክስ አዋጅ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸደቀ። አዋጁ በከተማ ቦታ የመጠቀም መብትና በሕንጻ ላይ የሚከፈለውን ግብር የሚመለከት ነው። እኛ ግብሩን እንደግፋለን። ይህን በግልጽ የምንጽፈው ብዙ ሰው እንደሚቀየመን እያወቅን ነው፤ ምክንያታችንንም እንናገር።

የመጀመሪያው ምክንያታችን ዛሬም ግብር እየተከፈለ መሆኑ ነው፤ ስሙ መዋጮ ይባላል። ለኮብልስቶኑ መዋጮ፣ ለትራንስፎርመሩ መዋጮ፣ ለጥበቃው መዋጮ፣ ለድልድዩ መዋጮ። ኮሚቴው በር ያንኳኳል፤ ባለ አራት ፎቁም ባለ አንድ ክፍሏ መበለትም እኩል ይጠየቃሉ። ባለ አራት ፎቁ «የለም ሄዷል» ይባላል፤ መበለቷ ግን ጎረቤት ታፍራለችና ትከፍላለች። ደረሰኝ የለም፤ ይግባኝ የለም፤ የት ገባ ብሎ መጠየቅም እንደ ነውር ይቆጠራል። በሕግ የተጻፈ፣ እንደ ንብረቱ መጠን የሚጣል፣ ደረሰኝና አቤቱታ ያለው ግብር ከዚህ ይከፋልን?

ሁለተኛው የመዝገብ ነገር ነው። በሦስቱም ከተሞች ከገበሬ ላይ በእጅ ውል ተገዝተው የተሠሩ ቤቶች ብዙ ናቸው። መንግሥት አያውቃቸውም፤ ስለማያውቃቸው ግብር አይጠይቃቸውም፤ ቦይም አይቆፍርላቸውም። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ሲመሠረት ሕገ ወጥ ናቸው ተብለው ብዙዎቹ ፈረሱ፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም በዚህ ላይ ሪፖርት አውጥቷል። ከፈረሰው ቤት ጋር ለሃያ ዓመት ሊከፈል ይችል የነበረ ግብር አብሮ ፈረሰ። ለከተማው ሣጥን ብቻ እንኳ የሚያስብ ሰው ቢሆን መጀመሪያ ይመዘግብ ነበር፤ ከጎርፍ መንገድ ላይ ያለውን ለይቶ ያነሣ ነበር፤ የቀረውን ሕጋዊ አድርጎ ያስከፍል ነበር። ግብር የከፈለበትን ደረሰኝ የያዘ ሰው ቤቱን ማፍረስ ይከብዳል፤ ነዋሪውም ይህን ያውቃል። በብዙ ሰፈር ሰው ግብር ክፈል እስኪባል የሚጠብቀው ተመርሮ ሳይሆን በጉጉት ነው።

በሌላ ወገን ያለውን ክርክር ሳናይ አናልፍም። መሬቱ የመንግሥት ከሆነ በመንግሥት መሬት ላይ ግብር ምንድን ነው ይባላል። መልሱ አጭር ነው፤ የሚገበረው የመጠቀም መብቱ ነው፤ ዋጋውን ያናረውም የባለ ይዞታው ጉልበት ሳይሆን በሕዝብ ገንዘብ የተሠራው መንገድ ነው። የሚያስጨንቀን ሌላው ክርክር ነው። በድሮው ጊዜ በሰበታ ወይም በቡራዩ ጭቃ ቤት ሠርተው ልጅ ያሳደጉ ጡረተኛ አሉ፤ ቤታቸው ዛሬ ሚሊዮኖች ያወጣል ይባላል፤ ኪሳቸው ግን የጡረታ ብር ብቻ ነው። ሚሊዮኑን የሚያዩት ቢሸጡት ነው፤ ቢሸጡት ደግሞ የት ይገባሉ? ለእንዲህ ያለው ሰው ግብሩ እየተመዘገበ ቆይቶ ቤቱ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ እንዲከፈል ማድረግ በሌሎች አገሮች የተለመደ ነው። ይህን ያልጻፈ ደንብ አሮጊቶችን እያስለቀሰ ለደላላ ሠርግ ይሆናል።

የቀረው ትልቁ ጥያቄ ገንዘቡ የማን ነው የሚለው ነው። የገፈርሳ ግድብ ያለው ቡራዩ አጠገብ ነው፤ ውሃው ለአዲስ አበባ ከተላከ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ በቡራዩ ግን ጀሪካን ተሸክሞ የሚዞረው ሰው ዛሬም አልጠፋም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸ ነው። በሱሉልታ ውሃ እያሸጉ የሚሸጡ ፋብሪካዎች አሉ። የሰበታው ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ በ2012 እ.ኤ.አ. ለውጭ ኩባንያ በ225 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ ገንዘቡ የገባው ወደ ፌዴራሉ መንግሥት ነው። የእነዚህ ከተሞች ታሪክ እንዲህ ነው፤ ሀብቱ በመሬታቸው ላይ ይቆማል፤ ሒሳቡ ሌላ ቦታ ይዘጋል። አሁን የንብረት ግብሩም ሰበታ ላይ ተሰብስቦ ሸገር ላይ ተደምሮ ከዚያም ለቢሮ ሕንጻና ለመኪና ከዋለ፣ ስሙ ብቻ የተለወጠ መዋጮ ነው፤ ያውም ሊሸሹት የማይቻል።

ስለዚህ በክልሉ ሕግና በከተማው ደንብ ውስጥ እንዲጻፍ የምንሻውን በግልጽ እንናገራለን። በሰበታ ከተሰበሰበ 100 ብር ውስጥ ሰበታ ላይ የሚቀረው ስንት እንደ ሆነ በቁጥር ይጻፍ፤ «አግባብ ባለው አካል ይወሰናል» የሚለው ቃል አይበቃንም። ከተማው በግብሩ ልክ፣ ለቦይ፣ ለመንገድና ለውሃ ብቻ መበደር እንዲችል ይፈቀድለት፤ ለደመወዝና ለበዓል ግን አንድ ብር አይበደር። የዓመቱ የዕዳ ክፍያ ከግብሩ ከተወሰነ እጅ እንዳያልፍ ጣራ ይበጅለት። ብድሩን የሚያጸድቀው ነዋሪው የመረጠው ምክር ቤት ይሁን እንጂ የተሾመ ሰው ፊርማ ብቻ አይሁን። የእያንዳንዱ ወረዳ ግብርና ወጪ በዓመት ሁለት ጊዜ ታትሞ በወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ የኢኮኖሚክስና የሒሳብ አያያዝ ተማሪዎች የሆንን የከተሞቹ ልጆች በዕረፍታችን ሄደን እናነበዋለን፤ ማንበብ ለሚያስቸግራቸው ሽማግሌዎችም እዚያው ቆመን እናነብላቸዋለን።